የሚወዛው አሞሌ

ልጅ ሳለሁ፣ ጋፋት ላይ ለንጉሡ መድፍ ብረት ይቀልጥ በነበረበት ዘመን፣ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ጉናን ፊት ለፊት በሚያይ መንደር ያሳደጉኝ የእናቴ አባት ነበሩ። ደብተራ ስለነበሩ አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፤ እኔም ሌላ ስም ጠርቻቸው አላውቅም። ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ዳዊት ያስደገሙኝ እሳቸው ናቸው። ሴት ልጅ ማንበቧ በሚታማበት አገር ስላደግሁ፣ ዛሬም ስጽፍ ሰው ቢያየኝ አፍራለሁ። ይህን ግን የምጽፈው ይዤው እንዳልሞት ብዬ ነው።

የኔታ በረዶ ከልካይ ነበሩ። ገብሱ ማሸት ሲጀምር በየማሳው ዳር መቋሚያቸውን ተክለው ይደግማሉ፤ አዝመራው በደኅና ከገባ እያንዳንዱ ቤት አንድ ቁና ገብስ ያመጣላቸዋል። የምንኖረው በዚያ ነበር።

ምሽት ላይ፣ ከብቱ ከገባ በኋላ፣ የጎረቤት ልጆች ምድጃውን ከበን ተረት እንሰማለን። ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ የኔታ በጉና ራስ ላይ ተቀምጦ በረዶ ስለሚያበጥረው ሽማግሌ ይነግሩናል፤ የሽማግሌው ልጆች ሰፌዱን ሲነጥቁት ያበጠረው ሁሉ እኛ ላይ ይፈሳል። ያኔ ሰማዩ ሲያጉረመርም ሽማግሌው ያሳለ እየመሰለን እርስ በርሳችን እንጣበቅ ነበር።

አንድ ምሽት የጎረቤት ልጆች ሲሄዱ፣ ሽማግሌውን በዓይናቸው አይተውት እንደሆነ የኔታን ጠየቅኋቸው። ሳቁ። ፍሙ ላይ ውሃ የሚፈላበትን ድስት ከፈቱና በቀዝቃዛ ውሃ ያራሱትን የናስ ሳህን ከእንፋሎቱ በላይ ያዙት። ጥቂት ቆይቶ ከሳህኑ ሆድ ጠብታ በጠብታ እጄ ላይ ወረደ።

«ሽማግሌው ይኸው ነው» አሉኝ።

በሌላ ቀን ደግሞ ደጃፋችን የወደቀ የበረዶ ፍሬ በቢላ ሰንጥቀው፣ ውስጡ እንደ ሽንኩርት ልብስ በልብስ መሆኑን አሳዩኝ።

ከሁሉ የወደድሁት ግን አሞሌውን ነበር። ያንን የጨው ጡብ ከእሳቱ አርቀው፣ ከበሩ ጎን በጠፍር አንጠልጥለውታል፤ ማለዳ ማለዳ በጣቴ እዳብሰዋለሁ። ደረቅ ከሆነ የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ቀኑም በሰላም ይመሻል። ከወዛ፣ ጣቴም እርጥብ ከሆነ፣ ዝናብ እየመጣ ነው። ያን ጊዜ ባለማሳዎቹን «ዛሬ ጸሎቴ ከብዶኛል፤ የደረሰውን አጭዳችሁ አግቡ» ይሏቸዋል። የኔታ በረዶ ከልክለው አያውቁም። ምስጢሩ ይህ ነው፤ ከእሳቸውና ከእኔ በቀር የሚያውቀው አልነበረም።

በአንድ ጥቅምት የንጉሡ ጦር ደብረ ታቦር ሰፍሮ ወታደር በየቤቱ እንዲያድር ተመራ። እኛ ቤት የገባው ቀልደኛ ነበር። አሞሌውን ከጠፍሩ ሲፈታ የኔታ ለመኑት።

«የኔታ፣ ጨው ለወጥ ነው እንጂ ለግድግዳ ምን ይሠራል?» አለና ይዞት ወጣ። ጦር በሰፈረበት አገር ሌላ አሞሌ ፈልገን አጣን።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጎረቤታችን በማለዳ መጥቶ፣ ገብሱ ስለ ደረሰ ዛሬ ልጨድ ወይ አላቸው። የኔታ ባዶውን ጠፍር አዩ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። «ትንሽ ይድረቅ፤ ነገ ትጀምራለህ» አሉት። ሌሎቹም ይህን ሰምተው ማጭዳቸውን መለሱ።

ከቀትር በኋላ ጉና ጠቆረ። የኔታ ሮጠው ከማሳው መካከል ቆሙ፤ በረዶው መቋሚያቸውንም ራሳቸውንም ይደበድባል፤ ደማቸው በጥምጥማቸው ሲወርድ ከደጃፍ ሆኜ አየሁ። ሲያባራ ገብሱ ሁሉ ከጭቃው ጋር ተለውሶ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መንደሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተሰበሰበ። ያ ጎረቤታችን ተነሣ።

«አምና ቁናችን አንሷቸው ነበር። አትጨዱ ብለው አስቀምጠውን፣ ይኸው በረዶውን ለቀቁብን።»

እኔ ከሴቶቹ መካከል ሆኜ «አሞሌውን…» ብዬ ጀመርሁ። የኔታ ዞረው አዩኝ።

«ዝም በይ፣ ልጄ።» ከዚያ ወደ ሽማግሎቹ መለስ አሉ። «የያዝሁት እኔ ነበርሁ። የለቀቅሁትም እኔ ነኝ።»

ከአገር እንዲወጡ ተፈረደ። ወደ ጣራ ገዳም ሲሄዱ እስከ ወንዙ ሸኘኋቸው፤ ያላደረጉትን ለምን አደረግሁ እንዳሉ እያለቀስሁ ጠየቅኋቸው።

«ክፉ ነው ቢሉኝ ይሻላል» አሉኝ። «ከንቱ ነው ካሉኝ፣ የበላነው ገብስ ሁሉ ሌብነት ይሆናል። አንቺም የሌባ ልጅ ትባያለሽ።»

ዐቢይ ጾም ሳይገባ መሞታቸውን ሰማን። እኔ አክስቴ ቤት አደግሁ። የሌባ ልጅ ያለኝ የለም፤ በረዶ የለቀቀው ሰው ልጅ ግን ተባልሁ፤ ውሃ ልቀዳ ስወርድ እኩዮቼ ሰማይ ሰማይ እያዩ ይስቁብኝ ነበር። በዓመቱ ከእብናት በኩል ሌላ ደብተራ መጣ፤ ቁናውም ለእርሱ ተሰፈረ። አሞሌ አልነበረውም። በረዶው ሲያሻው ይወርዳል፣ ሲያሻው ይቀራል፤ እርሱ ግን እስኪያረጅ ከብሮ ኖረ።

ዛሬ እኔም ከበሬ ጎን አንዲት አሞሌ አንጠልጥያለሁ። ጎረቤቶቼ ስስት ይመስላቸዋል። በአጨዳ ወራት ማለዳ ተነሥቼ ስዳብሳት ወዝታ ካገኘኋት፣ ደጅ ወጥቼ ለባለማሳዎቹ፦ ጉልበቴን ሲቆረጥመኝ አደረ፣ ዝናብ ሳይመጣ አይቀርም፣ ቶሎ አጭዳችሁ አግቡ እላቸዋለሁ። የአሮጊት ጉልበት አይዋሽም ብለው ያምኑኛል፤ ይማርሽ ብለው መርቀውኝ ማጭዳቸውን ያነሣሉ።

ጉልበቴን አንድ ቀንም አሞኝ አያውቅም።