የጾም መፍቻው ሽሮ

ዛሬ የፍልሰታ ጾም ተፈታ። ዝናቡ የደብረ ማርቆስን ቆርቆሮ ይደበድባል፤ ከጎረቤት የዶሮ ወጥ ይሸተኛል።

ሰባት ዓመቴ ነበር። ፍልሰታን ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው ጾሜ፣ ዶሮዋን ስጠብቅ ሰነበትኩ። ወደ ገበታው ልንቀርብ ስንል፣ ወደ ገበያ የሚያልፍ ሙስሊም ነጋዴ ትንሽ ሴት ልጁን አዝሎ፣ ዝናብ አበስብሶት ደጃችን ቆመ። ቄሱ አያቴ አስገቡትና እናቴን፣ «ዶሮውን አንሺው። እኛ ያረድነውን አይበሉም፤ ለሁላችንም ሽሮ ሥሪ» አሏት።

አለቀስኩ። «እኔ እኮ ጾሜያለሁ፣ አባባ። ሽሮው ለነሱ ብቻ ይሠራ።»

«እንግዳ ለብቻው አይበላም» አሉ፣ የልጅቷን እግር በጋቢያቸው እያደረቁ። «ጌታችንም በልጅነቱ ግብፅ ተሰዶ የሰው ደጅ ቆሟል። እዚያ ቤት እንዳንተ ያለ ልጅ አኩርፎበት ይሆን?»

ያን ቀን አያቴን ጠላኋቸው። ከገበታው ርቄ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተቀመጥኩ። ልጅቷ ግን ሽሮውን በእንጀራ ጠቅልላ መጣችና አጎረሰችኝ።

ዛሬም ዶሮ ወጥ በሸተተኝ ቁጥር አፌ ላይ የሚመጣው የዚያ ሽሮ ጣዕም ነው። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም።