ከእንጉዳዩ ማኅተም ሥር

ዶርካስ ፕሮበርት ከዌልስ ድንበር ወዲህ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ክር፣ መርፌና ቁልፍ ትሸጥ ነበር። ሥራዋ ይህ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ሱቋን ረግጦ አያውቅም። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ እሷ ከባንኮኒው ኋላ አፍንጫዋን አሮጌ መጽሐፍ ውስጥ ቀብራ፣ "አንዴ ይታገሡኝ፣ ይቺን መስመር ልጨርስ" ትላለች። በወጣትነቷ አንድ ሁለት ፈላጊ መጥቶላት ነበር ይባላል። አንደኛውን ሳሎን አስቀምጣው ማንበብ ጀመረችና መኖሩን ረሳችው፤ ሰውየውም ቆቡን አንሥቶ ወጣ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለትልቁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ቃል ስትለቅም ኖራለች። እንደሷ ያሉ ሰዎች በየአገሩ ነበሩ፤ ቄሱ፣ አስተማሪው፣ ጡረተኛው መርከበኛ። አሮጌ መጽሐፍ ያነባሉ፤ አንድ ቃል ዓይናቸውን ሲይዘው ቃሉን፣ መጽሐፉ የታተመበትን ዓመት፣ ገጹንና ዓረፍተ ነገሩን በቁራጭ ወረቀት ላይ ገልብጠው ይልካሉ። ዓመት የሌለው ቁራጭ ቅርጫት ውስጥ ይገባል፤ ምሕረት የለም። ዶርካስ አንድም ቀን እንዲህ ያለ ቁራጭ ልካ አታውቅም፤ በዚህም ትኮራ ነበር።

አሮጊቷ ንግሥት በነገሡ በሃምሳ ስምንተኛው ዓመት፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ የመዝገበ ቃላቱ አዘጋጅ አንድ ጥቅል ላከላት። ጥቅሉ በእኛ አፍ "ፈንገሳማ"፣ ማለትም እንጉዳይ መሰል፣ ልንለው የምንችለው አንድ ቃል ነው፤ ሰው ሁሉ ከየመጽሐፉ የለቀመው አንድ መቶ ስድሳ ቁራጭ። በየዓመቱ ደርድሪና የቃሉን ታሪክ አውጪልኝ ነው የሚላት። ዶርካስ ሱቋን ዘግታ ወለል ላይ ተንበረከከች፤ ቁራጮቹን ከምድጃው እስከ በሩ ዘረጋቻቸው። እንደዚያ ቀን ተደስታ አታውቅም።

በሩ አጠገብ ያሉት አዲሶቹ ደረቅ ነበሩ፤ የተማሩ ሰዎች ስለ እንጉዳይ ብቻ የሚያወሩባቸው። ወደ ምድጃው ስትጠጋ ቃሉ ስድብ ሆነ። ትናንት ማንም የማያውቀው፣ ዛሬ ባለ ሠረገላ የሆነ፣ ነገ ደግሞ የማይገኝ ሰው "ፈንገሳማ" ይባል ነበር። ይህን ስታነብ የከተማዋ ግማሽ በዓይነ ኅሊናዋ መጣባት፤ ብቻዋን ሳቀች። ከስድቡ ጋር ተቀላቅለው የቁስል ሐኪሞች ተገኙ። እነሱ ደግሞ አልድን ካለ ቁስል ውስጥ አብጦ የሚወጣውን ልፍስፍስ ሥጋ በዚህ ቃል ይጠሩታል።

ጭንቁ እዚህ ላይ መጣ። ከሁሉ የቀደመው ቁራጭ የ1658 ነው፤ እሱም ስድብ። ሐኪሞቹ ብቅ የሚሉት ከዚያ ወዲህ ነው። እንግዲህ መዝገበ ቃላቱ ቃሉ በስድብ ተወልዶ ወደ ቁስል ገባ ብሎ ሊያትም ነው። ዶርካስ ግን ይህ ስሕተት ነው ብላ ታምናለች። አባቷ ፈረስ የሚያጫማና የሚያክም አንጥረኛ ነበር፤ የፈረስ ቁስል የሚያስተምር አንድ አሮጌ መጽሐፍ ነበረው። ፊደል የቆጠረችው በሱ ነው። ከኮቴ ሥር ስለሚያብጠው "ፈንገሳማ ሥጋ" የሚናገረው ገጽ ዛሬም በቃሏ ነው። መጽሐፉ ከ1658 በፊት የታተመ ከሆነ የቃሉ ታሪክ ከነጭራሹ ይገለበጣል። መጽሐፉ ዛሬም እሷ ዘንድ አለ፤ ነገር ግን ስሙና ዓመቱ ያሉበት የፊተኛው ቅጠል ተቀዷል፤ ዓመቱንም ልብ ብላው አታውቅም።

ይህን ስትጽፍለት አዘጋጁ እንዲህ ሲል መለሰላት፦ "አምንሻለሁ፤ እምነት ግን አይታተምም። ዓመቱን አምጪ። የሐሙስ ፖስታ ካመለጠሽ ገጹ ይዘጋል።"

ለሦስት ቀን ለምታውቀው መጽሐፍ ሻጭና ቤተ መጻሕፍት ሁሉ ጻፈች። ማንም እንዲህ ያለ መጽሐፍ አይቶ አያውቅም። ሐሙስ ደረሰ።

ያ ሐሙስ ደግሞ የእንጉዳይ ቀን ነበር። የከተማዋ ወንዶች በየዓመቱ ቅርጫት ይዘው ጫካ ይገባሉ፤ ከቀትር በኋላ ያገኙትን ሁሉ በወይዘሮ ቢቫን ማደሪያ ቤት ረጅም ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ስም ያወጡለታል፤ ከዚያ የሚበላውን ይበላሉ። ሴት ጫካ አትሄድም፤ የስም ወረቀት ግን ትጽፋለች፤ የወንዶቹ ጽሕፈት ለራሳቸውም አይነበብምና። ዶርካስ ልቧ ባይኖርም ቃሏን ጠብቃ ሄደች።

"ዛሬ ምን ነካሽ?" አለቻት ወይዘሮ ቢቫን። "መርዘኛውን እንጉዳይ 'ለጥብስ' ብለሽ ልትጽፊ ነበር እኮ። ገድለሽን ልታርፊ ነው?"

"ዓመት ጠፍቶብኝ ነው።"

"የኔማ ሃምሳው ጠፍቷል፤ እንዲህ አላኮረፍኩም።"

ዶርካስ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ አለፈች። እዚያ ቄስ ጋርቤት ማኅተሞቻቸውን ደርድረዋል። የእንጉዳይ ቆብ ቆርጣችሁ ወረቀት ላይ ደፍታችሁ ብታሳድሩት፣ ብናኙ ረግፎ የሆዱን መስመር ቁልጭ አድርጎ ይስላል። ቄሱ በዚህ የታወቁ ናቸው፤ ስብከታቸው እንኳ ያለ እንጉዳይ አያልቅም። ከሁሉ መሐል ሮዝ ቀለም ያለው አንድ ማኅተም ነበር። የተሳለው ባዶ ወረቀት ላይ ሳይሆን ጥቁር ጌጥና ትልልቅ ፊደል ባለበት አሮጌ ቅጠል ላይ ነው። ከላይ "የፈረስ ቁስል" የሚል ይነበባል። ጥግ ላይ ዝገት የከበበው ቀዳዳ አለ።

ጎንበስ ብላ ቀዳዳውን በጣቷ ዳሰሰችው። አባቷ መጽሐፉን ከወርክሾፑ ምሰሶ ላይ በሚስማር ይሰቅለው ነበር። ያ ቀዳዳ በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ አለ።

"ቄስ ጋርቤት፣ ይህን ወረቀት ከየት አመጡት?"

"አሮጌ ወረቀት ነው፤ ከጨርቅ የተሠራ ስለሆነ ብናኝ ይይዛል። ግማሹ ጥቁር ግማሹ ነጭ መሆኑ ደግሞ ቀለሙን..." ቄሱ ፊቷን አይተው አቆሙ።

"የአባቴ ነው።"

የሰባ አንድ ዓመቱ ቄስ እንደ ተማሪ ቀሉ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ባዝራቸው ታማ መጽሐፉን ተውሰው ነበር። "መድኃኒቱን አልነካሁም" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። "የቀደድኩት ስም ብቻ ያለበትን ቅጠል ነው፤ ምን ያደርግላቸዋል ብዬ ነው። ለአንድ ክቡር እንጉዳይ ደብቄ ያቆየሁት ነው፤ ባለፈው ወር ተገኘልኝ።"

ዶርካስ ቅጠሉን ወደ መስኮቱ ይዛ ሮጠች። ከታች "16" ይታያል። የቀሩት ሁለት ቁጥሮች ከማኅተሙ ሥር ናቸው። በብርሃን ብታየው ከጀርባው ያለው ጽሑፍ ይደባለቅባታል። ሰዓቱ አሥር ከሩብ ሆኗል፤ የፖስታው ጋሪ አሥር ተኩል ላይ ይሄዳል።

"እርጥብ ጨርቅ ስጡኝ" አለች።

ወይዘሮ ቢቫን ከወጥ ቤት አምጥታ ሰጠቻት። ቄሱ አንድ እርምጃ ቀረቡ፤ ግን አልነኳትም።

"ሚስ ፕሮበርት፣ ወረቀቱ የእርስዎ ነው፤ ምንም አልልም። ብቻ እንዲያውቁት ያህል፣ እንዲህ ያለ እንጉዳይ በመጽሐፍ የለም። ሁለት ጊዜ ሥዕል ልኬ የለንደኑ ሊቅ ሙሉ ማኅተሙን ካላየሁ ስም አልሰጠውም ብሎኛል። እንጉዳዩን ራሱን ቀንድ አውጣ በላው። የቀረኝ ይኸው ነው።"

ጨርቁ እጇ ላይ ይንጠባጠባል።

"ዓመቱ ከ1658 በኋላ ቢሆንስ?" አለች ለራሷ ያህል።

"ያኔማ ሁለታችሁም ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ" አለች ወይዘሮ ቢቫን። ሴትየዋ እውነት ማለት አትፈራም።

ዶርካስ ወረቀቱ ላይ የምታየው የሰው የዕድሜ ልክ ልፋት ነው። የራሷም አለበት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያመነችበት ሥራ ሁለት ቁጥር ቀርቶት እጇ ላይ ነው፤ ግን የሳቸውን መደምሰስ አልቻለችም። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

"አልችልም" አለች። እንባዋ መጣ፤ ተናደደችም።

ቄሱ ማኅተማቸውን አንዴ አዩት። ከዚያ መነጽራቸውን አስተካክለው ጨርቁን አነሡት።

"ሠላሳ ዓመት በሰው ንብረት ተጠቅሜያለሁ" አሉና ማኅተሙ ላይ ጫኑት።

ሮዙ ብናኝ ቀለጠ። መጀመሪያ ሦስት ታየ። ዶርካስ ጎንበስ አለች። ቄሱ በትንሽ ጣታቸው አንዴ ጠረጉና ዘጠኝ ወጣ።

"1639" አሉ ቄሱ።

"ጥሩ ነው መጥፎ?" አለች ወይዘሮ ቢቫን።

ዶርካስ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ የቄሱን እርጥብ እጅ ይዛ ትነቀንቃለች። ቁስሉ ስድቡን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ይቀድመዋል። ብዕሯን አንሥታ ቆማ ጻፈች፤ ቃሉን፣ ዓመቱን፣ በቃሏ የያዘችውን ገጽና ዓረፍተ ነገር። ከዚያ የሃምሳ ስምንት ዓመቷ ሴት ቀሚሷን ሰብስባ በገበያው መሐል ሮጠች። ሰው ከየበሩ ወጥቶ አየ። ፖስታ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ነጂው ልጓሙን ይዟል።

"ማን ሞተ?" አላት።

"ማንም። ያዝልኝ፤ እንዳትጥላት።"

የታተመው ገጽ በፋሲካ ሰሞን ደረሰ። ከቃሉ ሥር መጀመሪያ የቆመው 1639 ነው፤ የፈረስ ቁስል። ስድቡ ሁለተኛ ወረደ። የዶርካስ ስም የትም የለም፤ እሷም አልፈለገችውም። ክር ሊገዛ የመጣ ሁሉ ገጹን ሳያይ አይወጣም ነበር።

ከዚያ ሐሙስ ማግስት ጀምሮ ግን ሱቋ በእንጉዳይ ወራት ጠዋት ጠዋት ተዘግቶ ይገኝ ነበር። ከቄስ ጋርቤት ጋር ጫካ ትገባለች፤ ወንዶቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፣ በኋላ ለመዱት። ሁለቱ አረጋውያን እርጥብ ቅጠል ላይ ተንበርክከው አምስት ዓመት ያቺን ሮዝ ብናኝ ያላትን ፈለጉ። በስድስተኛው ዓመት ቄሱ ሞቱ፤ ዶርካስ ብቻዋን ሄደች። አርጅታ ሱቋን እስክትዘጋ ድረስም ሄዳለች። እንጉዳይዋ አልተገኘችም፤ ዛሬም ስም የላትም።