እህቱን ቅቤ የሚያልስ ልጅ

ሁለተኛዋን ልጄን ዳንግላ ወልጄ ገና አራስ ሳለሁ፣ ማለዳ ማለዳ ቅቤ የሚያልሳት ወንድሟ ነበር። በእኛ አገር ጨቅላ አንጀቱ እንዲለሰልስ ቅቤ ይልሳል። ሥራውን ለእሱ የሰጡት አማቴ ናቸው፤ እጁ ቀና ነው ይሉ ነበር። ልጁ ያን ዓመት አንደኛ ክፍል ገብቷል። ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት ጣቱን ቅቤ ነክሮ አፏ ውስጥ ሲያደርግ ትልቅ ሰው የሆነ ይመስለው ነበር።

በዚያ ሰሞን ሐኪሞች ትምህርት ቤቱ መጥተው የሕፃናቱን ዓይነ ምድር በትንንሽ ቆርቆሮ ሰብስበው ወስደዋል። መተት ይሠሩበታል ብለው የከለከሉ እናቶች ብዙ ነበሩ። ባለቤቴ ግን አልከለከለም። ነገሩን ረስተነው ሳለ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የክሊኒኩ ድሬሰር ደጃችን መጣ።

«ልጅዎ አሞታል?» አለኝ።

«ኧረ ተመስገን፤ አሁን እንኳ ዛፍ ላይ ነው።»

«አይቼዋለሁ፤ ጤነኛ ነው። ነገር ግን እግር የሚያሰልለውን ልምሻ የሚያመጣው ተውሳክ በአንጀቱ ውስጥ ተገኝቷል። እሱን ምንም አላደረገውም። በእጁ ግን ወደ ሌላ ሕፃን ሊያልፍ ይችላል።» ያቀፍኋትን አየ። «ይችን ማን ማን ይነካካታል?»

«ወንድሟ ነው ጠዋት ጠዋት ቅቤ የሚያልሳት» አልሁት። አማቴ አላስጨረሱኝም፤ ሲቆጡ አገውኛው ይቀድማቸዋልና ጥቂት በአገውኛ ተናግረው ወደ አማርኛ ዞሩ።

«ትናንት የሦስት ሰው ራት የበላውን ነው በሽተኛ የምትለኝ? ይልቅ የገረጣኸው አንተ ነህ፤ ተቀመጥና ብላ!»

«እበላለሁ እማማ፤ መጀመሪያ እጄን ልታጠብ» አለ እየሳቀ። «ልጁም እንዲሁ ይታጠብ። ቅቤውም ይቅር።»

እኔን ያስፈራኝ ልምሻው ብቻ አልነበረም። ልጅቱ ገና ክርስትና አልተነሳችም። ሳትጠመቅ ብትሞትብኝስ? እኔም አራስ ነኝ፤ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ አላለቅስ ነገር። የነፍስ አባታችንን አስጠርቼ «አባቴ፣ ዛሬውኑ ያጥምቁልኝ» አልኋቸው።

አገላብጠው አዩዋት። «ደኅና የምትጠባ ልጅ ናት፤ ቀኗን ትጠብቅ። ካመማት በማናቸውም ሰዓት ጥሪኝ፤ እመጣለሁ። አንቺ ግን ሰውየው ያለሽን አድርጊ።»

አደረግሁ። ልጁን በሳሙና አስታጥበዋለሁ፤ አማቴ እያጉረመረሙ ውሃ ያፈሱለታል። ወደ እህቱ እንዳይቀርብ ስከለክለው «ምን አጠፋሁ?» ብሎ አለቀሰ።

«ምንም አላጠፋህም። እስክትጠመቅ ድረስ ከበሩ ላይ ሆነህ አጫውታት» አልሁት።

በሩ ላይ ቆሞ የተማረውን ፊደል እየጮኸ ይቆጥርላት ጀመር። እኔ ጡት ባጠባኋት ቁጥር አንዱን እግሯን፣ ቀጥሎም ሌላውን ሳብ አደርጋለሁ። መልሳ ስትሰበስበው አምላኬን አመሰግናለሁ። ከዚያ የበዛ ጸሎት አልነበረኝም።

ሰማንያ ቀኗ ሲሞላ ይዘናት ሄድን። ጠዋቱ ውርጭ ነበር። ቄሱ ውሃው ውስጥ ሲነክሯት በሁለቱም እግሮቿ ተራገጠች፤ ልብሳቸውን እስከ ደረታቸው አራሰችው።

«ኧረ ይህችስ እንደ ፈረስ ትራገጣለች!» አሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። አማቴ ልጅቱን በነጠላ ሊቀበሉ እጃቸውን ዘረጉ። እኔ ግን እዚያው እርጥቡ መሬት ላይ ተደፋሁ፤ ሰዎች ደግፈው እስኪያነሱኝ ድረስ «ተመስገን» ከማለት በቀር ቃል አልወጣኝም።