ሃያ አይቼ መቶ ያልኩበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ለልምምድ የመጣች ተማሪ መጠይቋን ዘርግታ፣ «ጋሼ፣ በሥራዎ ፈጣን ነዎት ወይስ ጥንቁቅ?» አለችኝ። ጽሑፏ ስለ ላቦራቶሪ ባለሙያዎች ጠባይ ነው። «ሁለቱንም፤ መልከ መልካምነቱንም ጨምሪበት» አልኳት። እውነተኛው መልስ ግን ረጅም ነበር።

እኔም በተማሪነቴ ከደሴ መጥቼ ሐይቅ ከተማ፣ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ተለማምጃለሁ። በፍጥነት የሚስተካከለኝ እስከ ወልድያ ድረስ አልነበረም። ኃላፊያችን ጋሼ ሙሄ ደግሞ ደም የተቀባች አንዲት መስታወት አይተው እስኪነሱ ሐይቁ ግማሽ ይጎድላል።

መስከረም እያለቀ ነበር፤ ዝናቡ አባርቶ ትንኙ የነገሠበት ወቅት። አባ ይመር የሚባሉ ገበሬ ጋቢ ተከናንበው፣ እየተንቀጠቀጡ ከአምባሰል ቆላ መጡ። ደማቸውን ወሰድኩ። ወባ የለም ለማለት በአጉሊ መነጽሩ መቶ ቦታ ማየት ግድ ነው። ሐይቁ ዳር ግን ጓደኞቼ የተጠበሰ አሣ አዘው ይጠብቁኛል፤ የሚጥሚጣው ሽታ ክሊኒኩ ድረስ የመጣ መሰለኝ። ሃያ ቦታ አየሁና «ወባ አልታየም» ብዬ ጻፍኩ። ሐኪሙም ወረቀቴን አምኖ በራስ ምታት ክኒን ሸኛቸው።

ጋሼ ሙሄ ከዙህር ሶላት ሲመለሱ፣ እንደ ልማዳቸው የተማሪ ሥራ መልሰው ማየት ጀመሩ።

«ስንት ቦታ አየህ?»

«መቶ!»

«ማሻአላህ! ና እስቲ፣ ይህችን እንግዳ አስተዋውቀኝ።»

ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ቀለበት የመሰለች ወባ ፍጥጥ ብላ ታየችኝ። አሣው ከሐሳቤ ብን አለ።

«ሃያ ነው ያየሁት» አልኩ።

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለሰውዬው ንገር! ቆላ ከገቡ በኋላ ማን ያክማቸዋል?»

ያኔ ሐይቅ ባጃጅ አልነበረም፤ ባጃጁ እኔ ሆንኩ። ነጭ ጋዋኔ እየተውለበለበ መነኻሪያ ስደርስ የሚኒባሱ ሞተር ተነሥቷል። አባ ይመር የኋላ ወንበር ላይ ኩርምት ብለዋል። «መድኃኒት ረስተው ነው» የምትል ውሸት አፌ ድረስ መጣች። ዋጥኳት።

«አባ፣ ይውረዱ። ወባ አለብዎት። በደንብ ሳላይ ነው የለም ያልኩት።»

አባ ይመር ጋቢያቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ።

«እኔስ አጥንቴ ነግሮኝ ነበር! ያንተ ወረቀት ቢክደው ይተወኛል?»

«አጥፍቻለሁ፤ አፉ ይበሉኝ።»

«አፉ ብያለሁ። በል ደግፈኝ፤ አንተም በላብ ተጠምቀሃል፣ አብረን እንታከም!»

ሚኒባሱ በሳቅ ተናጋ። ደግፌ መለስኳቸው፤ መድኃኒታቸውን ጀምረው፣ በሳምንቱ ድነው በእግራቸው መጡ። ጋሼ ሙሄ ግን የዚያኑ ዕለት ከሰዓት አስቀምጠው መቶውን ቦታ ጮክ ብዬ እንድቆጥር አደረጉኝ። የመጀመሪያዋ ወባ ሃያ ሦስተኛው ላይ ነበረች።

ለተማሪዋ በመጨረሻ «ጥንቁቅ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩላት፤ እንዲያ ሆኜ ባልፈጠርም ሮጬ ተምሬዋለሁ። ዛሬም ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳወራ በልጅነቴ ያባረርኩት ጅብ ግመል ያክላል። የውጤት ወረቀት ላይ ግን ዐይኔ ካየው በላይ አንድ ቃል ጨምሬ አላውቅም።