የቤተሰብ ቲኬት

ባለፈው ሚያዝያ ሆላንድ፣ ራይስዋይክ ከተማ ቤቴ ቁጭ ብዬ የቤዝቦል ቲኬት ልገዛ ስልኬን ከፈትኩ። መጀመሪያ የልደት ቀኔን ጠየቀኝ፤ ቀጥሎ ኮፍያና መጠጥ ያለበት «ፓኬጅ» ካልመረጥኩ አላሳልፍ አለኝ። ልጄ በትከሻዬ በኩል አይታ «እማዬ፣ ዝም ብለሽ ክሊክ አድርጊው» አለችኝ። እኔ ግን አቶ ተስፋይ ትዝ አሉኝ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው፤ ሃያ ዓመቴ ነበር። ሮተርዳም አጠገብ ሆግቭሊት ውስጥ ከአቶ ተስፋይ ጋር በር ለበር እንኖር ነበር። እኔ ቢሮ አጸዳለሁ፣ እሳቸው ፐርኒስ ማጣሪያ የነዳጅ ታንክ ያጥባሉ። አስመራ ሳሉ በአሜሪካኖች የጦር ሰፈር ወጥ ቤት ሠርተው ስለነበር ቤዝቦል ያወቁት እዚያ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ለተብርሃን እዚያው ቀርተዋል። አቶ ተስፋይ የሚያወሩት ስለ ሁለት ነገር ብቻ ነበር፦ ስለ ባለቤታቸው መምጫ ወረቀትና ስለ እሁድ ጨዋታ።

እሁድ እሁድ ሕምባሻ በፎይል ጠቅልለው ሮተርዳም ወዳለው ሜዳ ይወስዱኛል። ሪት የምትባል ባሏ የሞተባት ሆላንዳዊት አግዳሚው ላይ ቦታ ይዛ ትጠብቀናለች። ነፋሱ ከወደቡ የዘይት ሽታ ያመጣል፤ ከኋላችን ድንች ይጠበሳል። ቤዝቦል ግማሹ መጠበቅ ነው። ለእኛ የተስማማን ለዚህ ይሆናል፤ ሁላችንም የሆነ ነገር እንጠብቅ ነበር።

አንድ በጋ ክለቡ ማስታወቂያ የሚሠራ ወጣት ቀጠረ። ከዚያ በኋላ በየእረፍቱ ሙዚቃ ይጮሃል፣ ሎተሪ ይወጣል፣ የዶሮ ልብስ የለበሰ ሰው ፊታችን ይዘላል። ሪት «እኔ የመጣሁት ጨዋታ ለማየት ነው» እያለች ታጉረመርማለች። በመስከረም፣ ከአምስተርዳም ቡድን ጋር የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ዕለት፣ የቲኬት መስኮቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። የሚሸጠው የቤተሰብ ቲኬት ብቻ ነው ይላል፤ አባት፣ እናትና ልጅ። ብቻዋን የመጣችው ሪትም መግባት አቅቷት መስኮቱ አጠገብ ቆማ ነበር።

«የኔ ቤተሰብ አስመራ ነው» አሉ አቶ ተስፋይ በተሰባበረ ደችኛ።

«እንግዲያው እነሱ ሲመጡ አብራችሁ ኑ» አለ ሻጩ።

አቶ ተስፋይ ወደ ቤት ሊመለሱ ዞሩ። ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። «ሪት እናት ትሁን፣ እኔ ልጅ ልሁን» አልኳቸው።

«ጓለይ፣ ነውር ነው» አሉኝ፤ በትግርኛ «ልጄ» ማለታቸው ነው።

«ለዛሬ ብቻ ነው፣ አቶ ተስፋይ።»

ሪት ነገሩ ሲገባት ክንዳቸውን ያዘች። ቁመቴ አጭር ስለሆነ ማንም አልጠየቀኝም፤ እንዲያውም በር ላይ ፊኛ ሰጡኝ። ያ ወጣት ካሜራውን ይዞ መጣና ሦስታችንን ፎቶ አነሳን።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ፎቶው በየትራም ፌርማታው ተሰቀለ። «እርስዎም ቤተሰብዎን ይዘው ይምጡ» ይላል። ዴን ሃግ የሚኖር የአገራቸው ሰው አንዱን ነቅሎ አስመራ ላከው፤ ለምን እንደላከው እሱ ያውቃል። ከወይዘሮ ለተብርሃን የመጣው ደብዳቤ ሁለት መስመር ነበር። «ፎቶህ ደርሶኛል፤ እንኳን ደስ ያለህ። የኔን መምጫ ተወው።»

አቶ ተስፋይን ተከትዬ ክለቡ ቢሮ ሄድኩ፤ አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ። ወጣቱ «ሰው እኮ በጣም ወዶታል!» አለና የመጪውን ዓመት ቲኬት በነፃ ዘረጋላቸው። አቶ ተስፋይ በአንድ ጣት ወደሱ መልሰው ገፉት። «ፎቶውን አውርድልኝ» አሉ። እስኪያወርዱት ክረምቱ ገባ።

ሐሳቡ የኔ ስለነበር ለወይዘሮ ለተብርሃን የጻፍኩትም እኔ ነኝ። መስኮቱን፣ ሪትን፣ ፊኛውን ሳይቀር ዘረዘርኩላቸው። መልሱ ከሁለት ወር በኋላ መጣ። «ልጄ፣ አምኜሻለሁ። ሽማግሌ ወደ አባቴ በላከበት ቀን እንኳ የአሜሪካኖቹ ሜዳ ነበር የዋለው። ለዚህ ጨዋታ ሲል የማይሆነው የለም።»

በሁለተኛው ዓመት ወይዘሮ ለተብርሃን መጡ። ሻንጣቸውን ሳይፈቱ የጠየቁት «ሴትየዋ የት ናት?» ብለው ነው። በቀጣዩ እሁድ ሪት አጠገብ ተቀመጡ። የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም፤ ሕምባሻውን ግን ለሁለት ቆረሱት።

ዛሬ ሦስቱም በሕይወት የሉም። ክለቡን ለዓመታት ስወቅስ ኖሬያለሁ፤ አሁን ንዴቱ ወጥቶልኛል። አንድ ነገር ግን ለማንም አልተናገርኩም። ያን ቀን አቶ ተስፋይ ካሜራው ፊት የሳቁት ለማስመሰል አልነበረም። ሆላንድ ከመጡ እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ለባለቤታቸው በጻፍኩት ረጅም ደብዳቤ ውስጥ ይህችን አልጨመርኳትም።