ለጎብኚ የተቀመጠው ዱቄት

በእኛ አገር ጥሩ ነገር ለእንግዳ ይቀመጣል፤ ምንጣፉም፣ ማሩም። ወጉን እወደዋለሁ። የዝቃጭ ማጣሪያ ዱቄት ለእንግዳ ሲቀመጥ ግን ደሜ ይፈላል።

የምሠራው ከከሚሴ ወጣ ብሎ፣ የሽንት ቤት ዝቃጭ በሚደፋበት ግቢ ነው። ቦቴ የሚያመጣው ዝቃጭ አብዛኛው ውሃ ነው። ዱቄቱ በውሃ በደንብ ተበጥብጦ ሲጨመርበት ቆሻሻው ይጓጉላል፣ ውሃው ይለያል፣ የቀረው ዝቃጭ በአሸዋ መደቡ ላይ ቶሎ ይደርቃል። ያለ ዱቄቱ ግን መደቡ ሳይደርቅ ሌላ ቦቴ ይደርሳል።

ኃላፊያችን ዱቄቱን መጋዘን ቆልፎበት «ለጎብኚ ይሁን» ይላል። ጎብኚ ሲመጣ ይበጠበጣል፣ የጠራው ውሃ በብርጭቆ ይታያል፣ ፎቶ ይነሣል። ጎብኚው ሲሄድ ቁልፉ ወደ ኪስ ይመለሳል። ስንቴ ለመንኩት! «አንተ ደግሞ ነገር ታበዛለህ» ይለኛል።

ክረምት ላይ መደቡ ሞልቶ ከግቢው በታች ወዳለው የአጎቴ ማሽላ ፈሰሰ። ማሽላውስ ይሁን፤ ቤተሰቡም ከብቱም የሚጠጣበት ጉድጓድ ገባ። አክስቴ ከዚያ ወዲህ ውሃ ከሩቅ በአህያ ታስመጣለች።

ኃላፊው ታዲያ ዱቄቱን አወጣ? ሽማግሌ ላከ እንጂ! ሽማግሌ ደጅ ቆሞ እምቢ ማለት ነውር እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል። አጎቴ አንገቱን ደፍቶ «ረቢ ያውቃል፤ አፉ ብያለሁ» ብሎ ይቅር አለ። ዱዓ ተደረገ። እኔ «አሚን» ማለት አቃተኝ።

ብዙም ሳይቆይ መደቡ እንደገና ፈሰሰ፤ ሽማግሌዎቹም እንደገና አጎቴ ደጅ መጡ። አሁን ኃላፊው ራሱ ከኋላቸው ነበር። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ንዴቴ አመለጠኝ።

«አባቶቼ፣ ዱቄቱ መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበታል! ይቅርታ ከመለመን እሱን አስከፍቱልን!»

«ሽማግሌ ፊት?» ብለው አንዱ ተቆጡኝ።

አጎቴ እጁን አነሣ። «ተዉት፣ እኔ የዋጥኩትን ነው የተናገረው። አባቶች፣ አክብሬያችኋለሁ፤ ግቡ፣ ተቀመጡ። አፉ የምለው ግን ከጉድጓዴ የጠጣሁ ቀን ነው።»

ትልቁ ሽማግሌ ወደ ኃላፊው ዞሩ። «ቁልፉ የት ነው?» አሉት።