ክላክስ የሌለው የሙሽራ መኪና

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት ሚያዝያ፣ በሰርግ ሰሞን ነው። መኪናዬን ለሰርግ ማከራየት ከጀመርኩ ወዲህ ስንቱን ሙሽራ አመላልሻለሁ፤ የአብዛኞቹን መልክ እንኳ አላስታውስም። የዚያችን ልጅ ግን እስክሞት አልረሳትም።

መኪናዬን የምነዳው ራሴ ነኝ። ነጭ ነች፣ ንጹሕ ነች፣ ኤሲ አላት። ኤሲ እንዳላት ለደንበኛ ሁሉ ደጋግሜ ነው የምናገረው። አዲስ አበባ ውስጥ ኤሲ የሚያስከፍት ሰው ብዙ ስለሌለ ጉራዬን እስከዚያ ቀን ድረስ የፈተነው አልነበረም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሙሽራውንና ሙሽራዋን አያት ካለው ከወላጆቿ ቤት ይዤ ወደ ሲግናል ተነሳሁ። የሚጋቡበት የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን እዚያ ነው። አጀቡ ከኋላ ክላክሱን ያቀልጠዋል፤ እኔም ከፊት ሆኜ አላሳነስኩም። ብዙም ሳንርቅ መንገዱ ተዘጋጋ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ እንኳ የዚያን ቀን ቀርቷል።

"ጋሼ፣ ኤሲውን ቢከፍቱልን?" አለኝ ሙሽራው።

ኮራ ብዬ ከፈትኩት። የወጣው አየር ግን የድስት እንፋሎት ነው። "ይቀዘቅዛል፣ ትንሽ ጠብቁት" አልኩ። አልቀዘቀዘም። መስኮት ስንከፍት ደግሞ የመንገዱ ዳር እየተቆፈረ ስለነበር አቧራው ገብቶ ቬሎዋ ላይ አረፈ። ቶሎ ዘጋነው። በመስታወት ሳያት ከንፈሯ ነጥቷል።

"ጋሼ፣ እኔ ሙቀት አይስማማኝም" አለች ቀስ ብላ። "ቀለበት ያደረግን ዕለት ሞቆኝ ሰው ፊት ወደቅኩ። ከዚያ ወዲህ በሽተኛ ናት እየተባልኩ ነው። ዛሬም ከወደቅኩ አለቀልኝ።"

"አክስቴ የሚሉትን ተዪው" አላት ሙሽራው፣ እጇን ይዞ።

እኔን ላብ አጠመቀኝ። "ባለፈው ሳምንት የኤሲውን ጋዝ አስሞልቼ እኮ ነው!" ብዬ ዳሽቦርዱን በቡጢ ነረትኩት።

"አይምቱት" አለች። "ሲከፍቱት ከሞተሩ በኩል ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል?"

"አይሰማም።"

"እንግዲያው የሚያቀዘቅዘው ኮምፕረሰር አልተነሳም። ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ሪሌ ሳይሆን አይቀርም። ዳር ይያዙ።"

ለካ ልጅቷ የምትሠራው የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ነው! ዳር ያዝኩ፤ አጀቡም ተከትሎን ቆመ። ቬሎ ለብሳ፣ አይነርግብ ደፍታ፣ ኮፈን ሥር የምታጎነብስ ሙሽራ ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ሙሽራው ኮቱን አውልቆ አናቷ ላይ ዘረጋላት። ጓንት ባጠለቀው ጣቷ አንዲት ጥቁር ሣጥን አሳየችኝ። ከውስጧ ከክብሪት ቀፎ የምታንሰውን ሪሌ ነቅዬ አወጣሁ። የሪሌዋ እግር ተቃጥሎ ከስሏል። ኤሲውን የምታስነሳው ይህቺ ዕቃ ነበረች።

"የክላክሱ ሪሌ ከዚህች ጋር አንድ ዓይነት ነው" አለችኝ። "እሱን ነቅለው እዚህ ይክተቱት።"

ይኼኔ የሙሽራው አክስት ዣንጥላቸውን ይዘው ከች አሉ። "ምነው ቆማችሁ? ደግሞ ወደቀች?" ጉዳዩን ሲሰሙ ጭራሽ ባሰባቸው። "ክላክስ የማይነፋ የሙሽራ መኪና? ለቅሶ ቤት ነው እንዴ የምንሄደው?"

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔም በልቤ ከእሳቸው ጋር ነበርኩ። ያለ ክላክስ ምኑን ሰርግ ሆነው? ሙሽሪት መኪናውን ተደገፈች። ሙሽራው አንዴ አያትና "ክላክሱ ይቅር! ጋሼ፣ ይንቀሉት" አለ።

ነቀልኩ፣ ከተትኩ፣ ሞተር አስነሳሁ። ቀጭ! ትንሽ ቆይቶ ቀዝቃዛ አየር ፊቴን ሲመታኝ "ሠራ!" ብዬ እንደ ሕፃን ጮህኩ። ሙሽሪት ዓይኗን ጨፍና ወደ ፊት ጠጋ አለች።

መገናኛ ስንደርስ ግን ተቆለፍን። ሚኒባሱ በዚህ፣ የጭነት መኪናው በዚያ። ልማድ ሆኖብኝ ክላክሱን ብጫነው ጭጭ። ድምፅ ለሌለው ማን መንገድ ይለቃል? የፕሮግራሙ ሰዓት ደርሷል። ሙሽራው መስኮቱን አውርዶ እስከ ወገቡ ወጣና አጠገባችን ወዳለው ሚኒባስ ጮኸ።

"ወንድሜ! ክላክሳችን ሞቷል፣ አንተ ንፋልን!"

ሾፌሩ አየን፣ ሳቀ። "ለዚህ ነው? እንካ!" ብሎ መዳፉን ክላክሱ ላይ ጫነው። የጭነት መኪናው ተቀበለው። ከኋላ አጀባችን፣ ከፊት የማናውቀው ሰው ሁሉ ያንባርቅልን ጀመር። ፀጉሬ ቆመ። ሚኒባሱ እየነፋ ከፊታችን ገብቶ መንገድ አስከፈተልን። በሳቅና በእንባ መሀል ሆኜ ነው ሲግናል የደረስኩት።

እኔ የየካ ሚካኤል ሰው ነኝ፤ እንዲህ ባለ ሰርግ ላይ የምጠብቀው መኪናዬ ውስጥ ነው። የዚያን ቀን ግን አላስቻለኝም፤ ገብቼ ከኋላ ቆምኩ። አዳራሹ ጢም ብሏል፣ ይሞቃል፤ ስብከቱ ደግሞ ረጅም ነው። ዓይኔን ከእሷ አልነቀልኩም። በመጨረሻ ቃል ኪዳን ስትገባ "አዎ" ያለችው እኔ ዘንድ ድረስ ተሰማ። ብቻዬን አጨበጨብኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ይየኝ!

ሥነ ሥርዓቱ ሲያልቅ ቀድሜ ወጥቼ መኪናዬን በኤሲ አቀዘቀዝኩ። ከአዳራሹ እየተንገዳገደ የወጣው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አክስትየው! ላባቸው ይንቆረቆራል፣ ግድግዳ ይዘዋል። ቀድማ ያየቻቸው ሙሽሪት ነበረች። ቬሎዋን በአንድ እጇ ሰብስባ በሌላው ደገፈቻቸውና መኪናዬን ከፈተችላቸው። "እትዬ፣ ይግቡ፤ ቀዝቃዛ ነው" አለቻቸው።

በሁለቱ ሙሽሮች መሀል ተቀመጡ። ከዚያ እትዬ የሙሽሪትን እጅ ያዝ አደረጉና በመስታወቱ እያዩኝ "ልጄ፣ ትንሽ ጨምረው" አሉኝ።

እስከ መጨረሻው ጨመርኩላቸው። ይህን ስጽፍ እንኳ ብቻዬን እየሳቅኩ ነው። ብዙ ሰርግ ነድቻለሁ፤ የራሴ ሰርግ የመሰለኝ ግን ያ ብቻ ነው።